ገመዱ ላይ 1 ሜትር ቢጨመር፦ የክብ ዙሪያ እንቆቅልሾችን ደረጃ በደረጃ መፍታት

ምድርን በወገቧ ላይ በገመድ ጠበቅ አድርገን አሰርናት እንበል። ገመዱ መሬቱን ነክቶ ተኝቷል፤ ርዝመቱ 40,075 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን አንድ ቦታ ላይ ቆርጠን 1 ሜትር ብቻ እንቀጥልበት። ከዚያ ዙሪያውን በሙሉ ከመሬት እኩል ከፍ እናድርገው። ስንት ያህል ከፍ ይላል? ወረቀት ይገባበታል? ጉንዳን ያልፍበታል? ወይስ ድመት?

ሱሉልታ ውስጥ የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ። ይህን ጥያቄ ስሰጣቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ቲቸር፣ ምንም አይነሳም!" ይላሉ። ወላጆቻቸውም ቢጠየቁ ያው ነው። በ40 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሜትር ምን ልታመጣ? ትክክለኛው መልስ ግን 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ድመት ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ከዚህም የሚገርመው፣ ቤታችሁ ያለው ምጣድ ላይ ገመድ አዙራችሁ 1 ሜትር ብትጨምሩበትም ክፍተቱ ያው 16 ሴንቲ ሜትር ነው።

እንቆቅልሹ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ዊስተን በ1702 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራ ውስጥ ይገኛል። እስከ ዛሬ ግን ሰው ማስገረሙን አልተወም። መልሱን ነግሬያችኋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አፈታቱ ነው። አፈታቱን የያዘ ሰው ሌሎች ብዙ የክብ ጥያቄዎችንም በዚያው ይፈታል።

የሚያስፈልጋችሁ ሲባጎ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ አንድ ሳፋ ወይም ክብ ትሪ፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ሜትሩ የግንበኛም የልብስ ሰፊም ቢሆን ችግር የለውም። ካልኩሌተሩን ለጊዜው ራቅ አድርጉት።

አንደኛ፦ ግምታችሁን ጻፉ

ሳታሰሉ የመጣላችሁን ቁጥር ወረቀቱ ላይ አስፍሩ። ይህን ደረጃ መዝለል አልመክርም። ልጅ ግምቱን ሳይጽፍ ስሌቱን ካየ "አውቄው ነበር" ብሎ ያልፈዋል። ከጻፈው ግን በግምቱና በመልሱ መካከል ያለው ልዩነት ፊቱ ላይ ይቀመጣል። "ለምን?" ብሎ የሚጠይቀውም ያኔ ነው።

ሁለተኛ፦ ሥዕሉን ሣሉ

ሁለት ክብ ሣሉ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ መሐላቸው አንድ ሆኖ። የውስጡ ምድር ነው፣ የውጭው ገመዱ። ከመሐሉ እስከ ውስጠኛው ክብ ጠርዝ ያለው ርቀት ሬዲየስ ነው፤ "ረ" በሉት። በሁለቱ ክቦች መካከል ያለውን ክፍተት "ክ" በሉት። የምንፈልገው ክፍተቱን ነው። የውጭው ክብ ሬዲየስ እንግዲህ ረ + ክ ይሆናል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ለ"ረ" ቁጥር አትስጡት። ጎበዝ ተማሪ የምድር ሬዲየስ በወገቧ በኩል 6,378 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያውቃል። ወዲያው ያንን ይከታል፤ ወደ ሴንቲ ሜትር ይቀይራል፤ በፓይ (የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል በሚወጣው ቁጥር፣ 3.14 ገደማ) ያባዛል፤ ከዚያ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮችን ይቀንሳል። መንገድ ላይ አንድ ዜሮ ብትጠፋ ሁሉም ተበላሸ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ መልሱ ቢወጣለት እንኳ ምድርና ምጣድ ለምን አንድ መልስ እንደሚሰጡ አያይም። ፊደሉ ይቆይ።

ሦስተኛ፦ ሁለቱን ዙሪያዎች ጻፉ

የማንኛውም ክብ ዙሪያ 2 × ፓይ × ሬዲየስ ነው። ስለዚህ፦

የውስጡ ዙሪያ = 2 × ፓይ × ረ
የውጭው ዙሪያ = 2 × ፓይ × (ረ + ክ)

የታችኛውን ቅንፍ ፍቱት፦

የውጭው ዙሪያ = 2 × ፓይ × ረ + 2 × ፓይ × ክ

አራተኛ፦ ቀንሱ

ከውጭው ላይ የውስጡን ስትቀንሱ 2 × ፓይ × ረ ከ2 × ፓይ × ረ ጋር ይጣፋል። የሚቀረው ይህ ብቻ ነው፦

የተጨመረው ርዝመት = 2 × ፓይ × ክ

እዚህ መስመር ላይ ቆም በሉ። "ረ" የለም። ክቡ ምድር ይሁን፣ ምጣድ ይሁን፣ የቡና ስኒ አፍ ይሁን፣ ስሌቱ አይጠይቅም። የእንቆቅልሹ ቁልፍ ይኸው ነው። ለሚያጠና ልጅ ይህን መስመር አታንብቡለት፤ በራሱ እጅ ይሰርዘው። ሁለቱን ቁራጮች በእርሳስ ጭረት ሲሰርዝ የሚገባው ነገር አለ።

አምስተኛ፦ አሁን ቁጥር አስገቡ

የተጨመረው 1 ሜትር፣ ማለትም 100 ሴንቲ ሜትር ነው። ፓይን 3.14 እናድርገው፦

100 = 2 × 3.14 × ክ
ክ = 100 ÷ 6.28 = 15.92

ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ነው።

ብዙ ልጅ እዚህ ጋ 31.8 ይልና ይቆማል። 100ን ለ3.14 ስላካፈለ ነው። ያ የዲያሜትሩ ጭማሪ ነው። ዲያሜትር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስለሚሄድ በሁለቱም በኩል ያለውን ክፍተት ይይዛል። የአንዱ ወገን ክፍተት ግማሹ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ክፍተት ከሆነ ሬዲየስ፣ ስለ አጠቃላይ ስፋት ከሆነ ዲያሜትር መሆኑን ቀድማችሁ ለዩ።

ስለ ፓይም አንድ ነገር ልበል። ሚኒስትሪ የሚፈተን ልጅ "3.14 ልጠቀም ወይስ 22/7?" እያለ ይጨነቃል። ጥያቄው ራሱ ካልነገረው ሬዲየሱን ይይ። 7፣ 14፣ 21 ወይም 35 ከሆነ 22/7 ሥራውን ያቀልለታል፤ ሰባቱ ይጣፋል። ሁለቱም ግን ግምት ናቸው። 22/7 ከፓይ በጥቂቱ ይበልጣል፣ 3.14 በጥቂቱ ያንሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው አርኪሜዲስ ፓይ ከ3 ከ10/71 የሚበልጥ፣ ከ3 ከ1/7 የሚያንስ መሆኑን አሳይቷል። ያሳየውም 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች በክቡ ውስጥና ውጭ በማስላት ነው። የኛው 22/7 ያ የላይኛው ወሰን ነው።

ስድስተኛ፦ በእጃችሁ አረጋግጡ

ሳፋውን ሊሾ ወለል ላይ ድፉትና ጠርዙን በጠመኔ ዙሩት፤ ከዚያ አንሱት። ሜትሩን በክቡ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ዘርጉ። ወዲያ ወዲህ ስታንቀሳቅሱት ትልቁን ርዝመት የሚሰጣችሁ ዲያሜትሩ ነው። የዲያሜትሩ ግማሽ ላይ ነጥብ አድርጉ፤ መሐሉ እሱ ነው።

አሁን ሲባጎውን በጠመኔው መስመር ላይ አንድ ዙር አስተኙትና ምልክት አድርጉበት። ከምልክቱ በኋላ ሌላ 1 ሜትር ለክታችሁ ቁረጡ። ቀጥሎ ከመሐሉ ነጥብ ተነስታችሁ ሬዲየሱ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ አዲስ ክብ ሣሉ። ጠመኔውን በክር አስራችሁ አንድ ልጅ ክሩን መሐሉ ላይ ይያዝላችሁ። የተቆረጠውን ሲባጎ በአዲሱ መስመር ላይ አስተኙት። ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። ሲባጎ ስለሚለጠጥ ጣት የምታህል ልዩነት ብትመጣ አትደንግጡ፤ ስትለኩም ስታስተኙም እኩል መወጠራችሁን ብቻ ጠብቁ።

ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ሜዳ ይውጣ። ችካል ትከሉ፣ 5 ሜትር ሲባጎ እሰሩበት፣ ክብ ሣሉ። ከዚያ በ5 ሜትር ከ16 ድገሙት። በሳፋው ላይ የታየው ያው 1 ሜትር እዚህም ይታያል። ክረምት ላይ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ስለሚተኛበት ይህን ከመስከረም በኋላ ብታደርጉት ይሻላል።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ስሌቱ አለቀ፤ ጭንቅላት ግን ቶሎ አያምንም። እኔ ለልጆቹ የማስረዳው በግቢ አጥር ነው።

200 ካሬ ቦታ እንውሰድ፤ 10 በ20። የአጥሩ ዙሪያ 60 ሜትር ነው። አጥሩን በአራቱም አቅጣጫ 1 ሜትር ወደ ውጭ ብንገፋው 12 በ22 ይሆናል፤ ዙሪያው 68። ጭማሪው 8 ሜትር ነው። አሁን 1,000 ካሬ እንውሰድ፤ 25 በ40። ዙሪያው 130 ሜትር ነው። 1 ሜትር ስንገፋው 27 በ42፣ ማለትም 138። ጭማሪው አሁንም 8 ነው።

ሥዕሉን ሠርታችሁ እዩት። ጎኖቹ ወደ ውጭ ተገፉ እንጂ ራሳቸው አልረዘሙም። አዲሱ አጥር የገባው በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ 2 ሜትር። ቦታው ቢሰፋም ማዕዘኑ ያው አራት ነው።

ማዕዘኖቹን ሾጣጣ ከማድረግ ይልቅ ክብ አድርገን ብናዞራቸውስ? ከድሮው አጥር ሁልጊዜ 1 ሜትር ብቻ ርቀን ስንሄድ በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ሩብ ክብ ይወጣል። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ክብ ነው፤ ሬዲየሱ 1 ሜትር። ጭማሪው 6.28 ሜትር ይሆናል። ይህ የገመዱ ቀመር ነው፤ 2 × ፓይ × ክ። ክብ ላይ መታጠፉ አንድ ቦታ አይጠራቀምም፤ ዙሪያውን ሁሉ ጥቂት በጥቂት ተከፋፍሏል። ሲደመር ግን ያው አንድ ሙሉ ዙር ነው። ጭማሪውን የሚወስነው ይህ አንድ ዙርና ክፍተቱ ነው።

ይህን ከያዛችሁ አንድ ሌላ ጥያቄ ሞክሩ። ገመዱን በምድር ዙሪያ ከባሕር ጠለል 3 ኪሎ ሜትር ከፍ ብናደርገው ስንት ይጨምራል? የእንጦጦ ጫፍ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። 2 × 3.14 × 3 = 18.84 ኪሎ ሜትር። ምድርን ሙሉ በተራራ ከፍታ ለመዞር የሚጨመረው ከፒያሳ ተነስቶ ሱሉልታ እንደመድረስ ያለ ርቀት ነው።

አትሌቶቹ ለምን ተበላልጠው ይነሳሉ?

ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አትሌት አይጠፋባትም። ልጆቹ ሁሉ ሯጭ ያውቃሉ። ስለዚህ የመሮጫው መም ምርጥ ምሳሌ ሆኖልኛል። በ400 ሜትር ውድድር ሯጮቹ ከአንድ መስመር አይነሱም፤ የውጭኞቹ ወደፊት ተጠግተው ይቆማሉ። በስንት ሜትር?

በደረጃዎቹ ሂዱ። መሙ ሁለት ቀጥታና ሁለት ግማሽ ክብ አለው። ቀጥታዎቹ ለሁሉም ሌን እኩል ናቸው፤ ስንቀንስ ይጣፋሉ። ሁለቱ ግማሽ ክቦች አንድ ሙሉ ክብ ናቸው። አንድ ሌን 1.22 ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ የአንዱ ሌን ልዩነት 2 × 3.14 × 1.22 ነው፤ 7.66 ሜትር ይወጣል። ፓይን በብዙ አሃዝ ከያዛችሁት 7.67።

ከሦስተኛው ሌን ጀምሮ እያንዳንዱ ሯጭ ከጎኑ ካለው በዚህ ልክ ይቀድማል። በአንደኛና በሁለተኛው መካከል ግን ልዩነቱ 7.04 ብቻ ነው። ሕጉ የአንደኛውን ሌን ርዝመት የሚለካው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲሆን የሌሎቹን ግን ከመስመራቸው 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል ያለው ክፍተት 1.12 ሜትር ይሆናል። 2 × 3.14 × 1.12 ብላችሁ ሞክሩት፤ 7.03 ይላል፣ በትክክለኛው ፓይ 7.04። ስምንተኛው ሌን ላይ ስትደርሱ ብልጫው ተደምሮ 53 ሜትር ገደማ ነው። ሬዲየሱ እዚህም አላስፈለገንም።

ግንባታ ላይ

በየሰፈራችን ግንባታ ስላለ ይህን የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ነው። ክብ ኮለን (ምሰሶ) ውስጥ የሚገባው እስታፋ፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚይዘው ፌሮ፣ ክብ ነው። የእስታፋው ዲያሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር እንዲያድግ ከታዘዘ ለእያንዳንዱ 3.14 × 10 = 31.4 ሴንቲ ሜትር ፌሮ ይጨመራል። የድሮው መጠን 30 ይሁን 60 ለውጥ የለውም። 40 እስታፋ ካለ ጭማሪው 12.56 ሜትር ነው፤ አንድ በርጋ (ያልተቆረጠ ሙሉ ፌሮ) 12 ሜትር ስለሆነ ከአንድ በርጋ ትንሽ ያልፋል። ለመደራረቢያና ለመንጠቆ የሚተወው ርዝመት ካልተቀየረ ይህ ይበቃል።

ቱቦ ማሰርም እንዲሁ ነው። ሦስት ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦዎችን፣ ሁለት ከታች አንድ ከላይ አድርጋችሁ በሽቦ አንድ ዙር ብታስሩ ስንት ሽቦ ይፈጃል? ሽቦው ሦስት ቦታ ቀጥ ይላል፤ እያንዳንዱ ቀጥታ የአንድ ቱቦ ዲያሜትር ያህል፣ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ቦታ ይታጠፋል፤ መታጠፊያዎቹ ሲደመሩ የአንድ ቱቦ ሙሉ ዙሪያ ናቸው። 33 + 34.54 = 67.54 ሴንቲ ሜትር። ቱቦው ሰባት ከሆነ፣ አንዱ መሐል ስድስቱ ዙሪያውን፣ ቀጥታው ስድስት ይሆናል፤ መታጠፊያው ግን ያው አንድ ዙር። 66 + 34.54 = 100.54። ለማጥበቂያ የሚጠመዘዘውን ጫፍ ጨምሩበት።

የሁለቱ ሳንቲሞች ነገር

ከሁሉም አስቸጋሪው ይኼ ነው። ሁለት የ1 ብር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ፣ ተነካክተው። የታችኛውን በጣታችሁ ያዙት። የላይኛውን ሳያንሸራትቱ በታችኛው ጠርዝ ላይ እያሽከረከሩ አንድ ጊዜ ማዞር ነው። ወደ ቦታው እስኪመለስ ስንት ጊዜ በራሱ ላይ ይዞራል?

ዙሪያቸው እኩል ስለሆነ ሰው ሁሉ "አንድ" ይላል። አንበሳው ፊቱ ወደ እናንተ፣ ራሱ ወደ ላይ ሆኖ ጀምሩ። ቀስ በሉ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ከታች ሲደርስ ቆም አድርጉት። አንበሳው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሷል። ቀሪውን ስትጨርሱ ሁለት ይሆናል።

አፈታቱ፦ ጠርዙን ተዉትና የሚሽከረከረውን ሳንቲም መሐል ተከተሉ። መሐሉ የሚሄድበት ክብ ሬዲየስ የሁለቱ ሳንቲሞች ሬዲየስ ድምር ነው፤ 2 × ረ። ስለዚህ የሄደው መንገድ 2 × ፓይ × 2 × ረ ነው። ይህን ለሳንቲሙ ዙሪያ፣ ለ2 × ፓይ × ረ፣ አካፍሉት። 2 ይወጣል፤ "ረ" አሁንም ተጣፋ። አንዱ ዙር የመጣው ከጠርዙ ርዝመት ነው። ሌላው መንገዱ ራሱ ክብ ሆኖ አንድ ጊዜ ስለታጠፈ የተጨመረ ነው፤ አጥሩ ላይ ያየነው ያው አንድ ሙሉ ዙር።

በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤስኤቲ በተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ይህ ዓይነት ጥያቄ ወጥቶ ነበር። የትንሹ ክብ ሬዲየስ የትልቁ ሲሶ ነው፤ በትልቁ ዙሪያ ሲሽከረከር ስንት ጊዜ ይዞራል የሚል። አዘጋጆቹ መልሱን 3 ነው ብለው ነበር። ትክክለኛው መልስ 4 ከምርጫዎቹ መካከል ጭራሽ አልነበረም። 300,000 ገደማ ተፈታኝ ተቀምጦ፣ ስህተቱን ለአዘጋጆቹ ጽፈው ያሳወቁት ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄው ከውጤት ስሌት ወጣ።

እናንተም በመሐሉ መንገድ አስሉት። ትንሹ 1 ከሆነ ትልቁ 3 ነው፤ መሐሉ የሚሄድበት ክብ ሬዲየስ 3 + 1 = 4፤ 4 ÷ 1 = 4። ትንሹ ክብ በትልቁ ውስጥ በኩል ቢሽከረከር ደግሞ መሐሉ የሚሄድበት ሬዲየስ 3 − 1 = 2 ነው፤ ዙሩም 2 ይሆናል። ይህን ለማየት አንድ ሰፊ የጣሳ ክዳንና ስፋቱ የክዳኑ ሲሶ የሆነ የጠርሙስ ቆርኪ ይበቃል፤ ቆርኪው ላይ በእስክሪብቶ ቀስት ሣሉበትና ቁጠሩ።